ቀትር ላይ ስድስት የሚለው ሰዓት

የጠየቅኳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አልዋሹኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ግልጽ እንዲሆን ነው። ፕራግ ከተማ፣ ከአሮጌው የከተማ አዳራሽ ግንብ ሥር ቆሜ አንድ ቲኬት ቆራጭና አንዲት አስጎብኚ ጠየቅኩ። በሙያዬ አንድ ነገር በሁለት ምንጭ ከተረጋገጠ ይጻፋል። እኔ አልጻፍኩትም፤ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ጓደኛዬ አመነኝ። ከዚያ በኋላ አባቱን ማመን ተወ።

ዜና ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ፣ አሁን ደግሞ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ ለእኛው ሰው በሚተላለፍ ሳምንታዊ የሬዲዮ ፕሮግራም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተማርኩት መጠርጠርን አይደለም፤ መጠርጠር ማንም ይችላል። የተማርኩት ጥያቄ ማስተካከልን ነው። ወጣት ባልደረቦቼን፣ መልሱ ካላማራችሁ መጀመሪያ የጠየቃችሁትን እዩት እያልኩ ሳሰለቻቸው እኖራለሁ።

ለጉዞው የተነሳነው ሦስት ነን። ከብዙ ዓመት በፊት ዴንቨር ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ በአንድ ሺፍት ስንሠራ የተዋወቅን ነን። አንዱ ዛሬ የሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ከዚህ በኋላ ወዳጄ የምለው እሱን ነው። ሁለተኛዋ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ሴንትራል ፓርክ በሚባል የዴንቨር ሰፈር ትኖራለች፤ ጾም አትገድፍም፣ ነገር አይቶ ማለፍም አይሆንላትም። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

«አንድ ቀን አብረን አውሮፓ እናያለን» ማለት ስንጀምር ልጆቻችን አልጋ ላይ ነበር የሚዘሉት። አሁን ኮሌጅ ጨርሰዋል። አንዱ ሲመቸው ሌላው ሺፍት ይገጥመዋል፤ እንዲህ እያልን ስንገፋው ኖረን ባለፈው ኅዳር በታንክስጊቪንግ በዓል ሳምንት ሦስታችንም ቀን አገኘን። ረቡዕ ተነስተን እሑድ ልንመለስ። ከተማውን የመረጠው ወዳጄ ነው። ነርሷ ሮምን ነበር የፈለገችው።

«ፕራግ ምን አለ?» አለችው።

«ሰዓት አለ።»

«ሰዓት ለማየት አውሮፓ ድረስ? ስልክህን አውጣና እየው።»

ወዳጄ ሳቅ ብሎ አለፋት። ለእኔ ግን ለብቻዬ ነገረኝ።

አባቱ ከእሱ ጋር ነው የሚኖሩት፣ አውሮራ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ውስጥ። ሰማንያን አልፈዋል። በወጣትነታቸው የማሽን ጥገና እንዲማሩ ቼኮስሎቫኪያ ተልከው አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንደቆዩ ይናገራሉ። ልጆቻቸው የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው። የምስክር ወረቀት የለም፣ ፎቶ የለም፤ ቤት ሲቀየር፣ አገር ሲቀየር ሁሉም የትም ቀርቷል። ሊመሰክሩ ይችሉ የነበሩት እናቱ ሞተዋል። የተረፈው የሽማግሌው ቃል ብቻ ነበር።

ቃላቸው ደግሞ መላላት ጀምሮ ነበር። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ። አንድ ጠዋት ውሃ ምድጃ ላይ ጥደው ወጥተው ሄደዋል። ሐኪማቸው ለወዳጄ ደብተር ያዝ አለችው፤ የሚሉትን ጻፍ፣ የሆነውን ካልሆነው ለይ። የቅርቡን መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ያልነበረውን ነበር ማለት ከጀመሩ ግን ለብቻቸው ባይወጡ ይሻላል፣ አለችው። ይህ ለሽማግሌው ትንሽ ነገር አልነበረም። በየጠዋቱ የቤቱን ቁልፍ ኮት ኪሳቸው ከተው፣ ፒዮሪያ ላይ ወዳለች አንዲት የሐበሻ ሱቅ በእግራቸው ይወርዳሉ። ከእኩዮቻቸው ጋር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሲከራከሩ ያረፍዳሉ። ቀናቸው ይኸው ነበር። ያ ቁልፍ ከእጃቸው ከወጣ ቀን የሚባል ነገር አይኖራቸውም።

ደብተሩ ውስጥ የሰዓቱ ነገር ነበር። ወዳጄ መኪናው ውስጥ ሆነን፣ መሪው ላይ አስደግፎ አነበበልኝ። የአባቱን ቃል እንዳለ ነው የጻፈው።

«እዚያ አገር ግንብ ላይ አንድ ሰዓት አለ። ቀትር ላይ ስድስት ይላል፣ እንደኛው። ፈረንጆቹ ረስተውታል፤ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሌላውን ሁሉ መመርመር አልችልም» አለኝ ደብተሩን ዘግቶ። «ይሄ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ነው። ወይ ስድስት ይላል፣ ወይ አይልም። እኔ ልጁ ነኝ፤ ያላየሁትን አየሁ ልል እችላለሁ። አንተ እይልኝ።»

«አይልሃለሁ» አልኩት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ አድማጭ ቢሆን ኖሮ ከመነሳቴ በፊት አንድ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እቀመጥ ነበር። ለጓደኛዬ ግን አልተቀመጥኩም። ሽርሽር ነው ብዬ፣ በዓይኔ አየዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፕራግ ገባን። ብርዱ የዴንቨር ዓይነት አይደለም። የእኛ ብርድ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ይሸሻል፤ ይሄኛው እርጥብ ነው፣ ከወንዙ ተነስቶ ጫማ ውስጥ ይገባል። ድንጋይ የተነጠፈው መንገድ ጠባብ ነው፤ ቤቶቹ ቢጫማ፣ ሮዝ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ቆሟል። አደባባዩ ላይ ለገና ገበያ ጎጆ የሚሠሩ ሰዎች ሳንቃ ይመታሉ። ወዳጄ እንደ ሕፃን ዞር ዞር እያለ፣ «አባባ በዚህ በኩል አልፈው ይሆናል እኮ» ይላል። አሁንም፣ «በዚህ በኩል አልፈው ይሆናል።» እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የነቢያት ጾም ገና መግባቱ ነው፤ የከተማው ምግብ ደግሞ ሁሉም አሳማ ነው። እራት ልንበላ ገብተን ነርሷ አስተናጋጁን በጥያቄ አስጨነቀችው። ድንቹ ውስጥ እንቁላል አለ? አለ። ጎመኑ ውስጥስ? ስብ አለ። ሾርባው? የአጥንት ነው። በመጨረሻ ዳቦና ትልቅ ብርጭቆ ቢራ ይዛ ተቀመጠች።

«ጾመኛ ናት ብለን ነበር» አላት ወዳጄ።

«ምን አገባህ፤ ገብስ አይደለም? ነቢያቱ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

«ነቢያቱማ ሁለተኛውን ብርጭቆ ነው የሚቆጥሩት።»

ወደ እኔ ዞረች። «ክቡር ዳኛ፣ ቢራ የጾም ስለመሆኑ ስንት ምስክር ይፈለጋል?»

«ሁለት» አልኳት።

«እንግዲያው ሁለተኛውም ይምጣ።»

ሦስታችንም እስኪያስነጥሰን ሳቅን። ያን ማታ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ለዓመታት ስንቀጥረው የኖርነው ጉዞ በሙሉ ያቺ እራት ነበረች።

ዓርብ ጠዋት ከግንቡ ሥር ደረስን። ቀትር ሊሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀርቶታል። ሰዓቱን ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ፤ ፊት ለፊት ሲቆሙለት ግን ሌላ ነው። ክብ ውስጥ ክብ አለ፤ ሰማያዊ፣ ወርቅ፣ ጥቁር። በላይኛው ክብ ጠርዝ የሮማውያን ቁጥር ተደርድሯል፤ ከዚያ ውጭ የማይነበብ አሮጌ ፊደል የመሰለ ቀለበት አለ፤ መሀሉ ላይ ቅስት ቅስት የሆኑ የወርቅ መስመሮች ተሰምረዋል። መስመሮቹን ጌጥ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው። ጌጥ ያልኩበትን ምክንያት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ምን እንደምፈልግ ወስኜ ነበር የመጣሁት፤ ትልቅ ሰዓት፣ አንድ አመልካች፣ አንድ ቁጥር።

ለቀትር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ወደ ቲኬት ቆራጩ ሄጄ በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት፤ ይህ ሰዓት ቀትር ላይ ስድስት ያሳያል?

«ቀትር ላይ አሥራ ሁለት ነው የሚያሳየው» አለኝ፣ በትሕትና፣ ሰውየው ጤና ጎድሎታል ወይ በሚል ዓይን እያየኝ።

ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ ቡድን የምትሰበስብ አስጎብኚ ነበረች። እሷንም ያንኑ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ስድስት ካለ ሰዓት ሠሪ መጥራት አለብን።»

ቀትር ሆነ። ከሰዓቱ ጎን የቆመው የአጽም ምስል ደወሉን ጎተተ፤ ከላይ ያሉት ሁለት መስኮቶች ተከፈቱ፤ የሐዋርያት ምስሎች አንድ በአንድ እያለፉ ወደ ታች አዩን። ነርሷ በጣቷ እየቆጠረች፣ «ይሁዳ አለ? የለም? ጎበዞች» አለች። ሕዝቡ ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አንስቷል። ወዳጄ ግን ስልክ አላወጣም፤ የሚያየው አመልካቹን ነበር። በአመልካቹ ጫፍ ያለችው ወርቃማ እጅ ቀጥ ብላ ከላይ ያለው የሮማውያን አሥራ ሁለት ላይ ቆመች። ከመስኮቶቹ በላይ ያለው የወርቅ ዶሮ ጮኸ፤ መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ሕዝቡ ተበተነ።

«እ?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት ነው» አልኩት። «ሁለት ሰውም ጠይቄያለሁ። ስድስት አይልም።»

ነርሷ ቶሎ ገባችበት። «አሥራ ሁለት ማለት እኮ በእኛ ስድስት ነው። አባባ አሥራ ሁለቱን አይተው በልባቸው ስድስት ብለው ይሆናል። እኛስ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም የምናደርገው?»

እዚያ ላይ ዝም ብል ይበቃ ነበር። ወዳጄ የሚይዘው ነገር ሰጥታው ነበር። እኔ ግን የአባባን ቃል አስታወስኩ፤ በትክክል መጥቀስ ሥራዬ ነው። «እሳቸው ሰዓቱ ራሱ ስድስት ይላል ነው ያሉት» አልኩ። «ፈረንጆቹ ረስተውታል ብለዋል። ይህ ደግሞ የለም።»

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «አንዳንዴ እኮ ሰው ሁን።»

ወዳጄ ከግንቡ ጎን ካለች ሱቅ ገባ፤ የሰዓቱ ሥዕል ያለበት ፖስትካርድ ከመደርደሪያው አንስቶ አገላብጦ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው። ለአባቱ ሊወስድላቸው ነበር ያሰበው። ኋላ፣ ድልድዩ ላይ ቆመን ወንዙን ስናይ፣ «ምን ብዬ እሰጣቸዋለሁ?» አለኝ። «ይኸው ስድስት የማይለው ሰዓትዎ ልበላቸው?»

የቀረውን ቀን ተኩል አየነው፣ ማየት ከተባለ። ቤተ መንግሥቱን፣ ትልቁን ቤተ ክርስቲያን፣ ድልድዩ ላይ የቆሙትን የድንጋይ ቅዱሳን። ማንኛውም ሰው ያነሳውን ፎቶ አነሳን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የወዳጄ ልጅ ከአውሮራ በቪዲዮ ደወለች፤ አያቷን የምትጠብቀው እሷ ነበረች።

«አባባ እንዴት አደሩ?» አላት።

«ሂ ኢዝ ፋይን፣ ዳዲ። ግን ሂ ኪፕስ አስኪንግ፤ ሰዓቱን አዩት ወይ ይላል።»

«አይተነዋል በያቸው።»

«ኤንድ? እናስ?»

«በቃ አይተነዋል በያቸው።»

ሰኞ ከሥራ በኋላ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። ፒዮሪያ ላይ ፓርክ ማድረጊያ አጥቼ ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ደረጃውን ስወጣ ዘግይቼ ነበር። አባባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮታቸውን አላወለቁም፤ ከሱቁ ከተመለሱ ሰዓታት አልፈዋል። እጄን ሲጨብጡኝ አልለቀቁኝም።

«ሄዳችሁ?»

«ሄድን አባባ።»

«አያችሁት?»

«አየነው።»

«ቀትር ላይ ነው ያያችሁት?»

«ቀትር ላይ ነው።»

«ታዲያ ስድስት አይልም?»

ወዳጄ እኔን አየኝ። መናገር የሱ ድርሻ ነበር፤ እኔ ወሰድኩት። «አሥራ ሁለት ነው የሚለው አባባ» አልኳቸው። «ሰዎችም ጠይቀን ነበር።»

እጄን ለቀቁት። አልተቆጡም። «በደንብ አላያችሁም» አሉ፣ ልጅ ዕቃ ጥሎ ሲመጣ እንደሚባለው ዓይነት። ጥቂት ቆይተው ፊታቸው በራ አለ። «ከሥሩ ቆሞ ያሳየኝን ሰውዬስ ነግሬአችኋለሁ?»

«አባባ፣ ይብቃዎት» አለ ወዳጄ። «ደክሞዎታል።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔን ያዩኝ እንድጠይቃቸው ነበር። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ። ሰው ፊቱን ወደ ጋዜጠኛ እንደዚያ ሲያዞር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ እንጀራዬ ነው። ማን ነበር ሰውየው? አንዲት ቃል ናት፤ «ማን?» ማለት። አላልኩም። ቤቱ የወዳጄ ነው፣ አባቱም የሱ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞም ነገሩ በእኔ በኩል አልቆ ነበር፤ ሁለት ምንጭ ነበረኝ። ሦስተኛው ምንጭ ስም ሊጠራልኝ ሲል ወዳጄ ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ደብተሩን መጻፍ ያቆመው በዚያ ሳምንት ነው። ምን ልጽፍ፣ አለኝ፤ የሚሉትን ከጻፍኩት እኔም እንደሳቸው ልሆን ነው። ከገና በፊት ቁልፉን ተቀበላቸው። ለሐቅ ያህል፣ የእኔ ቃል ብቻ አይደለም ያስወሰደው፤ የምድጃው ነገር ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ጠፍቷቸው ጎረቤት አምጥቷቸዋል። ግን ወዳጄ ለሐኪሟ ምን እንዳላት ነግሮኛል፤ «ያልነበረውን ነበር ማለት ጀምረዋል፤ ሄደን አይተናል።» አይተናል ያለው በእኔ ዓይን ነው።

የካቲት ላይ ሳንባቸውን ታመሙ። ሆስፒታል ሰንብተው ወጡ፤ ንግግራቸው ግን አብሯቸው አልወጣም። አዎ ይላሉ፣ አይ ይላሉ፣ ውሃ ይላሉ፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸውና እንደገና ዝም ይላሉ። ነርሷ በየሳምንቱ እየመጣች ታያቸዋለች። «ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ቶሎ ይደርቃል» አለችኝ አንድ ቀን። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

መጋቢት ገባ። አሜሪካ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋበት ሳምንት ነበር። ለፕሮግራማችን አጭር ነገር ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ ሰዓት ለምን ይቀየራል፣ የእኛ አቆጣጠርስ ከየት መጣ የሚል። በየዓመቱ የማደርገው ነው። ዘንድሮ ትንሽ ላስፋው ብዬ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለ ድሮ ሰዓቶች አነበብኩ። በጥንት ዘመን ብዙ አገር ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ይከፍለው ነበር ይላል መጽሐፉ። ገጹን ገለበጥኩት። የዚያ የፕራግ ግንብ ሥዕል ከነማብራሪያው ፊቴ ላይ መጣ።

ሰዓቱ ያለው አቆጣጠር አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። የማይነበበው የውጭ ቀለበት ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ እስከ ሃያ አራት ይቆጥራል። የሮማውያኑ ቁጥር ዛሬ ሁላችንም ሥራ የምንገባበትን ይቆጥራል። እኔ ጌጥ ያልኳቸው የወርቅ ቅስቶች ደግሞ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ብርሃን ለአሥራ ሁለት ይከፍሉታል። ከእኛው ጋር ሁሌ አይገጥምም፤ የእነሱ ሰዓት ቀኑ ሲያጥር ያጥራል፣ ሲረዝም ይረዝማል። ቀትር ላይ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። በዚያ አቆጣጠር ቀትር ምን ጊዜም ስድስት ነው።

አባባ ያሉት ቀትር ላይ ነው። ሌላ ሰዓት አልጠሩም። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ስቀዳ ኖሬ፣ እንደሳቸው ያለ ጥንቁቅ ምንጭ የገጠመኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ሩብ ጉዳይ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ፈለግኩ። በጣቶቼ አሰፋሁት። ቀትር ላይ አመልካቹ በላዩ ስለሚያርፍ ከታች ላለ ሰው አይታይም፤ ሩብ ጉዳይ ላይ ግን አመልካቹ ገና ነው። ከሮማውያኑ አሥራ ሁለት ሥር፣ ቅስቶቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች። 6። ሦስት ወር ተኩል ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። እኔ ሰዓት ሁለት ዓይነት እንደሆነ ሳላውቅ የኖርኩ ሰው አይደለሁም። ለጓደኛዬ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብዬ ስልኬ ላይ ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ። በቀን አሥር ጊዜ ስድስት እደምራለሁ፣ ስድስት እቀንሳለሁ። ፕራግ ስደርስ ግን ሰዓት አንድ ብቻ እንደሆነ አድርጌ ጠየቅኩ። «ቀትር ላይ ስድስት ያሳያል?» ብዬ ጠየቅኩ እንጂ «ይህ ሰዓት ስንት ዓይነት ይቆጥራል?» አላልኩም። ያቺ ባለ ጃንጥላ አስጎብኚ የምታውቀውን ሁሉ ትነግረኝ ነበር። የተጠየቀችውን ብቻ መለሰች።

ወዳጄን ያገኘሁት ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሹፌሮች ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሜዳ ነው። መኪናው ውስጥ ገብቼ ፎቶውን ሰጠሁትና ያነበብኩትን ነገርኩት። ፎቶውን አሰፋው፣ አጠበበው፣ እንደገና አሰፋው።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

ስድብ እየጠበቅኩ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው።»

«አንተማ ጋዜጠኛ ነህ» አለኝ ስልኩን እየመለሰልኝ። «ሥራህ መጠራጠር ነው። የኔስ? ልጁ አይደለሁም? የኔ ሥራ ማመን ነበር።»

ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ያ ሰውዬ ማን ነበር?» አለኝ።

«የቱ?»

«ያሳያቸው። ከሰዓቱ ሥር ቆሞ ያሳያቸው። አባባ ሊነግሩን ነበር እኮ።»

እሱም አስታውሶታል። እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር።

ለነርሷ በስልክ ስንነግራት አልጮኸችም። «ሁለታችሁም ማዘናችሁን ወዲያ በሉና ሄዳችሁ ለሰውየው ንገሩ» አለች። «ጆሯቸው ይሰማል።»

ቅዳሜ ሄድን። ፎቶውን ትልቅ አድርጌ በወረቀት አሳትሜ ነበር። አባባ መስኮቱ አጠገብ በተቀመጠ ወንበር ላይ ናቸው፤ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ። ወዳጄ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ፎቶውን ያዘላቸው። «አባባ፣ ትክክል ነበሩ። ስድስት ይላል። ይኸው፣ ይችን ይመልከቱ። እኛ ነን በደንብ ያላየነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። ለመውጫ አይደለም፤ አሁን ያለ ድጋፍ አይቆሙም። ምን እንደሚያደርግበት ስላላወቀ መለሰላቸው። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ተዘጋ። ፎቶውን አዩት፤ የት እንደሚያዩ ግን ማወቅ አልቻልኩም።

የእኔ ተራ ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ «አባባ» አልኳቸው፣ «ከሰዓቱ ሥር ቆሞ ያሳየዎት ሰው ማን ነበር?»

ባለፈው ኅዳር መጠየቅ የነበረብኝን ነው የጠየቅኩት፤ ቃል በቃል። ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ።

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። «ስድስት አባባ። ቀትር ነው።»

«ታዲያ ምሳ አትበሉም?» አሉን።

በላን። ወዳጄ አባቱን አጎረሳቸው፤ ሁለተኛውን ጉርሻ በእጃቸው ገፍተው መለሱት። ስንጨርስ ደብተሩን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ያቆመበት ገጽ ላይ የሰዓቱ ነገር ተጽፎ፣ ከጎኑ በቀይ «አልሆነም» ይላል። ጽሕፈቱ የሱ ነው፤ ቃሉ የኔ። ብዕር ሰጠኝ። ቀዩን ሰረዝኩና ከሥሩ፣ ሬዲዮ ላይ ስንሳሳት እንደምናደርገው፣ «እርማት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰዓቱ ቀትር ላይ ስድስት ይላል፤ የተሳሳተው የጠየቀው ሰው ነው፤ ቀኑንና ፊርማዬንም አከልኩ።

እርማት የተባለውን ቃል ያርማል፤ ያልተጠየቀን ጥያቄ ግን አያርምም። ከእርማቱ በታች «ያሳያቸው ሰው» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ነጥብ አደረግኩ። ቀጥሎ የምጽፈው አልነበረኝም። ብዕሩን ለወዳጄ መለስኩለት። እሱም የሚጽፈው አልነበረውም።